ለጋሽ ጎበና የወሰድኩት አክፋይ

አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍልሻል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ እንቅልፌን ነው። ሾላ ገበያ ሽንኩርቱ ተመርጦ ሳያልቅ ለመድረስ ከአያት የምነሣው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ቀጥሎ ነዳጅ፤ ካለ ማለት ነው፤ ከሌለ ግማሽ ቀን ሰልፍ። ከዚያ ጫኝ፣ ከዚያ አውራጅ፣ ከዚያ «መኪናሽን የጠበቅኩት እኔ ነኝ» የሚል አይቼው የማላውቅ ጎረምሳ። ቲማቲም መንገድ ላይ ይፈርጣል፤ እሱም ወጪ ነው። ድምፄም ወጪ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮንዶሚኒየም ሥር ቆሜ «ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮት» ስል ውዬ ማታ ለልጄ ተረት የምነግርበት ድምፅ አይተርፈኝም። ለፌናን ወተት፣ ለፌናን ዳቦ፣ ፌናን ትናንት ለጣለችው እርሳስ ምትክ።

ፍሬንን ግን ከወጪ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እረግጣለሁ፣ መኪናዋ ትቆማለች። በነፃ የሚሰጥ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ማኅደር እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ አንድ ባል፣ አንዲት ሴት ልጅና በዕድሜ የምትበልጠኝ ነጭ ፒክአፕ አለኝ። ከሌንጮ ጋር ተጋብተን መጀመሪያ የተከራየነው ከአያት ጀርባ፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት በነበረው ሰፈር፣ ጋሽ ጎበና ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ፌናንን የወለድኩት እዚያ ነው። ገንፎ አገንፍተው ያረሱኝ የጎበና ሚስት አዴ ደሪቱ ናቸው፤ ልጄንም ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልና ሚስቱ አከራዮቼ መሆናቸው ቀርቶ አበልጆቼ ሆኑ።

ጎበናን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። አሁንም እላለሁ፤ ልጄ ትሰማኛለች። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው።

ሥራው ቆዳ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር «ቆዳ ያለው» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ሰዎች የሰበሰቡት ሁሉ መጨረሻው የእሱ ግቢ ነው። እዚያ ጨው ይነሰነስበታል፣ ይደረደራል፣ ተጭኖ ይሄዳል። በጎን ደግሞ አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ አሳምሮ ይሸጣል። ቤት ለቤት አትክልት መሸጥ እንደምፈልግ ሲሰማ ነጯን ፒክአፕ ከግቢው ጥግ አውጥቶ አሳየኝ።

«የአንድ ጡረተኛ መኪና ናት» አለኝ። «ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። እንኳን ቆዳ፣ ጎመን ጭና አታውቅም። ለሌላ ሰው ብሸጣት እንዲህ አልሸጣትም፤ ለአበልጄ ስለሆነ ነው።»

መካኒክ ላሳያት የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። አበልጅ የሚሸጥልሽን መኪና ማስፈተሽ ማለት፣ ልጅሽን ክርስትና ያነሣውን እጅ ታጥቧል ወይ ብሎ ማሽተት ነው። እኛ ሰፈር ይህን የሚያደርግ የለም፤ እኔም አላደረግኩትም። ሊብሬው በስሜ ዞረ። አዴ ደሪቱ እርጥብ ሣር ቆርጠው መሪው ላይ አሰሩና መረቁኝ፤ «ለጠላትሽ ጉድጓድ፣ ላንቺ ሜዳ ይሁንልሽ» አሉኝ።

ጉድጓዱ ከመኪናው ሥር እንደነበር እሳቸውም አላወቁም።

ነገሩ የሆነው ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ፌናንን ከጎኔ አስቀምጬ ትምህርት ቤት ላደርሳት አሁን ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ወደ አስፋልት የሚወርደውን የኮብልስቶን ቁልቁለት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ገባ፤ ጭቃ እንደመርገጥ ዝም ብሎ ገባ። ደገምኩት፤ ከወለሉ ጋር ተሳሳመ። ከታች ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች መንገዱን እየተሻገሩ ነው። ማርሹን ወደ አንድ መለስኩት፤ ሞተሩ አለቀሰ። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩት፤ ትንሽ ያዘና ለቀቀ። በግራ በኩል የሚሠራ ቤት አለ፤ ደጁ ላይ አሸዋ ተከምሯል። መንገድ ዘጋ ብዬ ያንን አሸዋ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። መሪውን ወደ እሱ ሰበርኩት።

አቧራው ሲወርድ ልጄን ዳሰስኳት፤ ጭረት እንኳ የለባትም። ሽንኩርቱ ቁልቁል እየተንከባለለ ወደ ተማሪዎቹ ሄዷል፤ እነሱም እየሳቁ ይለቅማሉ። 

«እማ» አለችኝ ፌናን፣ «ደግመን እንውረድ።»

ጨዋታ መስሏታል። ቂምሽ ከየት ጀመረ ብትሉኝ፣ ከዚህች ቃል ነው።

ሱልጣን መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ሃያ ሁለት ጀርባ ነው። ደውዬ ፔዳሉ እንዴት እንደገባ ነገርኩት። መኪናዋን እንዳታነቃንቂያት አለኝና አዲስ ቱቦ እንደ ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ የዕቃ ቦርሳውን ይዞ በባቡሩ መጣ። ክሪክ አስገብቶ ከፍ አደረጋት፣ ድንጋይ አስደገፋት፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ብዙም አልቆየም።

«ማኅደር፣ ይህቺ መኪና ስንት በግ በልታለች?»

«ምን አልክ?»

«ጎንበስ ብለሽ እዪ እንጂ።»

ነጠላዬን ጥዬ አጠገቡ ተኛሁ። የፍሬን ዘይት ከፊት ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድበት ቀጭን የብረት ቱቦ አለ፤ በወፍራም ጥቁር ቀለም ተለብጧል። ሱልጣን በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ከሥሩ ብረት የለም፤ የተጋገረ ዝገት ነው። በሁለት ጣቱ ጨመቀው፤ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ነጭ ነገር ወጣ፤ ከነጩ ጋር ደግሞ የበግ ፀጉር።

«ጨው ነው» አለኝ። «ካላመንሽ ቅመሺው።»

«አልቀምስም። አምኛለሁ።»

«ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ጭነውባታል፤ አንድ በዓል ሁለት በዓል አይደለም። ውሃው ከላይ በቀዳዳው ይንጠባጠባል፣ ቱቦው ላይ ያርፋል፣ ይበላዋል። በይ አሁን ቀለሙን እዪው። ሌላው ብረት ተቀብቷል?»

አየሁ። ሌላው ብረት አልተነካም። ብሩሹ ቱቦውን ብቻ ተከትሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ እባብ ሄዷል።

«ዝገቱን ያላየ ሰው እንዲህ አይቀባም» አለ ሱልጣን። «ያየ ሰው ነው የሚቀባው። ማን ነው የሸጠልሽ?»

«አበልጄ።»

እጁን ከመኪናው ሥር ዘረጋ። «በዚህ ላይ እኔ ምንም አልልም፤ ብሎን ስጪኝ» አለኝ።

አሮጌውን ቱቦ ነቃቅሎ አዲሱን ዘረጋ፤ ጫፎቹን አስፍቶ አሰረ። ከዚያ ዘይት ሞላና ውስጡ የገባውን አየር ለማስወጣት እኔን ፔዳሉ ላይ አስቀመጠኝ።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ፣ ያዢ… ልቀቂ። ርገጪ። ቀስ በይ፣ ሰው አይደለም።»

ለእኔ ሰው ነበር። በረገጥኩ ቁጥር ከጫማዬ ሥር የነበረው ፔዳል አልነበረም። ጎበና ነበር፤ ከነምላሱ፣ ከነ«ለአበልጄ ስለሆነ ነው» ቃሉ። ፔዳሉ ቀስ በቀስ እየጠነከረ መጣ። በመጨረሻ ድንጋይ ሆነ።

«አሁን ግድግዳ ነው» አለ ሱልጣን እጁን እየጠረገ። «ከዳገት ላይ ብትወረወሪም ይይዝሻል።»

«አሮጌውን ቱቦ ስጠኝ።»

ይህ አልገረመውም። ጋራዥ የሄደ ሁሉ አሮጌውን ዕቃ ተቀብሎ ነው የሚወጣው፤ አለበለዚያ መቀየሩን በምን ያምናል። የገረመው ቀጥሎ የጠየቅኩት ነው።

«አዲሱን ደግሞ ጥቁር ቀባልኝ። ልክ እንደ ድሮው፤ ያየው ሰው ያልተቀየረ ይምሰለው።»

«ዝገት ይደበቃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አዲስ ነገር ግን…» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ማንን ልትገድዪ ነው?»

«ማንንም። ይይዛል ብለኸኝ የለም?»

ራሱን እየነቀነቀ ቀባልኝ።

ማታ ለሌንጮ ነገርኩት። ሌንጮ ሕንፃ ላይ ብረት የሚያስር፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ልቡ ግን ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ቱቦውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ ፌናንንም አያት፣ ፊቱ ከሰል መሰለ። ከዚያ ግን እንደልማዱ ተመለሰ።

«አበልጅ ይከሰሳል እንዴ? ሽማግሌ እንላክበት።»

«ሽማግሌ ሲላክበት ምን እንደሚል ልንገርህ? ‹ዝገት የእግዜር ነው፣ እኔ ምን አውቄ› ይላል። ይምላል። ሽማግሌዎቹ ‹ሳያውቅ ነው፣ ይቅር በይው› ይሉኛል። እኔም ጉልበቱን ስሜ እወጣለሁ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ሕማማት ደርሷል፣ ማኅደር።»

«ጸሎቱን አንተ ያዝልኝ» አልኩት። «አልከሰውም፣ አልሰድበውም። አስነዳዋለሁ።»

አልገባውም። እኔም አላብራራሁለትም። ስለ አሸዋው ክምር ለጎበና ሰፈር ሰው ትንፍሽ እንዳይል ብቻ አስማልኩት። ሳምንቱን እንደ ወትሮዬ ሽንኩርቴን ሸጥኩ። ጎበናን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ «መኪናዋ እንዴት ናት?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ወርቅ ናት» አልኩት። በሰላም ልቡ ሄደ። ልጄን በየቀኑ በምን እንደምወስድ ያውቃል፤ በሰላም ልቡ ነው የሄደው።

ለፋሲካ ዋዜማ የክርስትና ልጅ ለክርስትና እናቷ አክፋይ ትወስዳለች። የእኛ አክፋይ በየዓመቱ ድፎ ዳቦ ነው። ዘንድሮም ቅዳሜ ማለዳ ዳቦውን በመሶብ አድርጌ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ፌናንን አልብሼ ሄድኩ። የጎበና ግቢ ከኮረብታው አናት ላይ ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወርዳል። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ በሩ ላይ አቆምኳት።

ግቢው ውስጥ የጨው ከረጢት ተደርድሯል፤ ለነገው ቆዳ ዝግጅት ነው። ጥጉ ላይ ግራጫ ፒክአፕ ቆማለች፤ ታጥባ ታብረቀርቃለች፣ የቀለም ሽታዋ ከበሩ ይቀበላል። ከጎኗ ዓለምሰገድ ቆሟል። ዓለምሰገድ የጎበናን የእህት ልጅ ያገባ፣ በሰፈሩ ውሃ በበርሜል እየጫነ የሚሸጥ ሰው ነው። ጎበና ቄጤማ ግንባሩ ላይ አስሮ ትከሻውን ይዞታል።

«የአንድ ጡረተኛ መኪና ናት» ይለዋል። «ከቤት ቤተ ክርስቲያን።»

ያ ጡረተኛ ስንት መኪና ነበረው?

አዴ ደሪቱ ከቤት ወጥተው ፌናንን አቅፈው ሳሟት፣ እኔንም ሳሙኝ። ግንባራቸው ላይ ቄጤማ የለም። «ጉልበቴ ነው ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን አልወረድኩም» አሉኝ። ይህን ከዓመት ዓመት ስለሚሉት ጠብቄው ነበር።

«መኪናዬ በር ላይ ናት፣ አዴ። ጋሼ ያውርዱዎት። እኔ ዳቦውን ላስገባ።» ቁልፉን ወደ ጎበና ዘረጋሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሸጡልኝን መኪና አንድ ቀን እንኳ ነድተው አላየሁዎትም። ዓለምሰገድም ይይ፤ የእርስዎ መኪና ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርድ።»

ስለ ፍሬን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ይህን ያዙልኝ።

ጎበና ቁልፉን አየው፤ እጁ ግን አልተነሣም።

«ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ፣ ማኅደርዬ። ጾም ላይ ነኝ፣ ራሴን ያዞረኛል።»

«ሁላችንም ጾም ላይ ነን፣ ጋሼ። ቅርብ ነው።»

«በእግር ትውረድ፣ እግሯ ይፍታታላታል።»

«እግሬ ነው የታመመው እያልኩህ!» አሉ አዴ ደሪቱ ስቀው። «ይኸ ሰውዬ ቆዳ ሲሆን ባሕር ዳር ይነዳል፣ ሚስት ሲሆን ያዞረዋል።»

ዓለምሰገድ ሳቀ። «አጎቴ፣ እኔም አብሬ ልውረድ፤ ኋላ እቀመጣለሁ» አለ።

አዴ ደሪቱ አልጠበቁትም። ወጥተው፣ በሩን ከፍተው፣ ፌናንን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ያኔ ጎበና ሮጠ። በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። የሚስቱን ክንድ ይዞ ወደ ውጪ ሳባቸው።

«ውረጂ።»

«ምን ሆንክ?»

«ውረጂ አልኩሽ፣ ደሪቱ። ይኸ ፍሬን…»

እዚያ ላይ ቆመ።  

«ስለ ፍሬን ማን አነሣ፣ ጋሼ?» አልኩት።

 አዴ ደሪቱ ክንዳቸው በባላቸው እጅ እንደተያዘ ቀስ ብለው ዞር አሉ። ፌናን ወንበሩ ላይ ብቻዋን ቀርታለች፤ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ልጅቷስ?» አሉት።

እሷን ማውረድ ፈጽሞ አላሰበም ነበር። ሚስቱን ነው የጎተተው። አዴ ደሪቱ ይህን በዓይናቸው ሲያዩ አየሁ፤ እኔ ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልገኝም ነበር። ግን መሶቡን ይዤ መጥቻለሁ።

ጨርቁን ገለጥኩ። ዳቦው ላይ የተሰባበረው ቱቦ፣ ከነጥቁር ቅርፊቱ፣ ከነጨዉ፣ ከነበግ ፀጉሩ ተጋድሟል።

«አክፋይዎ ነው፣ ጋሼ። ከሆሣዕና በፊት ከልጄ ጋር ቁልቁለት ላይ ሳለን የተበጠሰው። አሸዋ ባይኖር ዛሬ አክፋይ ሳይሆን መርዶ ነበር የሚደርስዎት።»

«ልጄ፣ ዝገት እኮ የእግዜር ነው…»

«ቀለሙስ የማን ነው?»

ዓለምሰገድ ከእኛ ጋር አልነበረም። የበዓል ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ግራጫዋ ፒክአፕ ሥር ተኝቷል። እግሩ ብቻ ይታያል። ቁልፍ ብረት ሲጭር ሰማን። ሲወጣ መዳፉ ላይ ጥቁር ቅርፊትና ነጭ ነገር ይዟል። ወደ አፉ አስጠጋው፣ በምላሱ ነካው፣ ተፋው። የግራጫዋን ቁልፍ ጨው ከረጢቱ ላይ ወረወረው።

«ሠርጌ ላይ እጅህን ራሴ ላይ ጭነህ መርቀኸኝ ነበር» አለው። ከግቢው ወጣ።

ጎበና ቄጤማውን ከግንባሩ ፈታ። ለምን እንደፈታው አላውቅም።

መሶቡን አስታቀፍኩትና መሪ ያዝኩ። አዴ ደሪቱን «ይግቡ» አልኳቸው፤ «አዲስ ነው፣ ተቀይሯል፣ እኔ ነኝ የምነዳው።» ሳያቅማሙ ገቡ፤ ፌናንን መልሰው አቀፏት። ቁልቁለቱን ጀመርኩ። መሐል ላይ፣ ከበሩ ሆኖ በደንብ በሚያይበት ቦታ፣ ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ እንደ ግድግዳ ቆመች። በመስታወቱ አየሁት፤ መሶቡን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል። ትንሽ አቆየሁት። ከዚያ ወረድን።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የጥገናውን ይክፈልሽ፣ ይብቃ አሉኝ። ክፍያ አልፈልግም አልኳቸው። የሸጠውን መኪና ሁሉ፣ የገዛው ሰው ቤት ድረስ ሄዶ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይተኛ፣ ቱቦውን በገዛ ጥፍሩ ይጫር፤ ያን ቀን እታረቃለሁ። እስከ ዛሬ ከአንዱም ሥር አልተኛም። እንዲያውም ከእኛ ሰፈር ገዢ ሲያጣ ግራጫዋን በደላላ አድርጎ ወደ ሰሚት በኩል ወስዷታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አዴ ደሪቱ በየሳምንቱ ፌናንን ለማየት በእግራቸው ይመጣሉ፤ ጉልበታቸውን እያሹ። የባላቸው መኪና ውስጥ አይገቡም። እኔ እመልሳቸዋለሁ። አልፎ አልፎ «ይቅር በይው» ለማለት አፋቸውን ይከፍቱና ፌናንን ያዩዋታል፤ ይተዉታል። እኔም ሥራዬን እየሠራሁ ነው፤ ሾላ ላይ ደንበኛ አብዝቻለሁ፣ በመጪው ዓመት የተሻለች መኪና እገዛለሁ ብዬ ተስፋ አለኝ። ቂሙ ግን አለ። ደህና ተቀምጧል።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ፒክአፕ የምትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ አጎታችሁም ይሁን አበልጃችሁ፣ ሳታፍሩ ከሥር ተኙ። ጥቁር ቀለሙ ቱቦውን ብቻ ተከትሎ ከሄደ በቁልፍ ጫሩት። የበግ ፀጉር ከወጣ አትጩኹ፣ አትሳደቡ። ሚስቱን ጥሯት፤ ከጎኑ አስቀምጧትና «እስኪ ቁልቁለቱን አንዴ ውረድልን» በሉት። እምቢ ካለ፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጡና የፌናን እናት ሰላም ብላሃለች በሉልኝ።